ሥራውን አውቃለሁ፣ ወረቀቱ ግን አይናገርልኝም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሥራ ፍለጋና የጎልማሶች ትምህርት

ለዚህ እትም አምስት ደብዳቤዎችን መርጠናል። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ሥራውን አሳምረው ያውቁታል፤ የቸገራቸው ወረቀቱ ነው። ወይ የላቸውም፣ ወይ ያላቸው ምንም አይናገርላቸውም፣ ወይም ሊፈርሙበት የቀረበላቸው ምን እንደሚል አልገባቸውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘጠኝ ዓመት የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠርቻለሁ። ሙያውን የለመድኩት ከአጎቴ ጋር እየዞርኩ ነው፤ ትምህርቴ 9ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ሊቀጥረኝ ፈልጎ «መጀመሪያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት) አምጣ» አለኝ። ኮሌጅ ሳልገባ መፈተን ይቻላል? ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ደረጃ 4 ብፈተን ምን ይመስላችኋል?
የመብራት ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መፈተን ይችላሉ። የሙያ ብቃት ምዘናው የሚጠይቀው የት እንደተማሩ ሳይሆን ምን እንደሚችሉ ነው። ኮሌጅ የሠለጠነም፣ አጭር ኮርስ የወሰደም፣ እንደ እርስዎ ከሥራው ጋር ያደገም የሚመዘነው በአንድ መለኪያ ነው። ደረጃ 4ን ግን ለጊዜው ይተዉት። ደረጃ የሚወሰነው በዓመት ብዛት ሳይሆን በሥራው ዓይነት ነው። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች በተሰጠ መመሪያ መሠረት የሚሠራን ሰው ይመለከታሉ። ደረጃ 3 ብቻውን ሠርቶ ያልተለመደ ብልሽት ሲገጥመው መላ የሚያበጅለትን፣ ደረጃ 4 ደግሞ ሥራ የሚያቅድና ሌሎችን የሚቆጣጠርን ይመዝናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጎትዎ ፕላኑን አንብበው፣ ዕቃውን ቆጥረው፣ እርስዎ ብቻ ሲዘረጉ ከነበረ ቦታዎ ደረጃ 2 ነው። ፕላን አንብበው የሽቦና የብሬከር ዝርዝር ራስዎ የሚያወጡ ከሆነ ደረጃ 3ን ይሞክሩ።

ከመመዝገብዎ በፊት በክልሉ የሙያ ብቃት ምዘና ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይሂዱና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሙያውን ደረጃ ሰነድ እና የራስ መመዘኛ ቅጹን። ሰነዱ ሙያውን በብቃት አሃዶች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሥር መዛኙ ምን ምን እንደሚያይ ያስቀምጣል። እስክሪብቶ ይዘው በየመስመሩ «በየጊዜው እሠራዋለሁ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ሠርቼው አላውቅም» እያሉ ምልክት ያድርጉ። ጊዜዎትን መስጠት ያለብዎት ለሦስተኛው ዓይነት ነው። ብዙ ባለሙያ ግን የሚያውቀውን ሲደጋግም ይሰነብትና ያልነካው ላይ ይወድቃል።

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱ እንደ ትምህርት ቤት ነጥብ ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዘጠኙን አሳምሮ አሥረኛውን መዝለል ብዙ ሊያስከፍል ይችላል። በልምድ የሠሩ ሰዎችን በብዛት የሚጥላቸው እጃቸው አይደለም፤ እጃቸው ብዙውን ጊዜ ከተመራቂዎቹ ይፈጥናል። የሚጥላቸው ልማድ ነው።

አንደኛው ቴስተር ነው። ቴስተር ካቻቢቴዋ (ኤሌክትሪክ መኖሩን በብርሃን የምታሳየው መፍቻ) ካልበራች «መስመሩ ሞቷል» ብሎ እጅ መስደድ በሥራ ቦታ የተለመደ ነው። መዛኝ ፊት ግን አያዋጣም፤ አምፖሏ ራሷ ተቃጥላ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ብሬከሩን አውርዶ፣ ማንም እንዳያነሣው ምልክት አድርጎ፣ መለኪያውን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ላይ መሞከር ነው። ከዚያ የሚሠሩበትን መስመር ይለካሉ፤ ቀጥሎም መለኪያው በመሐል እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰው እንደገና ይለካሉ። ሦስት ጊዜ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለመብራት ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ በ16 አምፔር ብሬከር እንደሚታሰር እጅዎ ያውቀዋል። ለምን ሲባሉ «እንደዚያ ስለሆነ» ካሉ ግን አልመለሱም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት ሽቦውን ነው። በ1.5 ሽቦ ላይ 25 አምፔር ብሬከር ካሰሩ ሽቦው ግሎ ልባሱ ሲቀልጥ ብሬከሩ ቆሞ ያያል። ማብሪያ ማጥፊያውም እንዲሁ ነው፤ የሚቋረጠው ፌዙ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) መሆን አለበት። ኑትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ቢያቋርጡም አምፖሉ ይጠፋል፣ ሆልደሩ ላይ ግን ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው የሚመታው በዚህ ነው። ይህንኑ በአፍዎ ማስረዳትን ይለማመዱ። ሾርትና ኦቨርሎድ በምን እንደሚለያዩ፣ ኤርዝ ምን እንደሚሠራ፣ ከቤት መወጣጫ ደረጃ ሥርም ከላይም የሚበራ መብራት እንዴት እንደሚታሰር በወረቀት ሥለው ለሙያው እንግዳ ለሆነ ሰው ያስረዱ። ከገባው ተዘጋጅተዋል ማለት ነው።

የቀረው ቀላል ቢመስልም ሰው ይጥላል፦ ጓንትና የደኅንነት ጫማ ሳይለብሱ መጀመር፣ ስካቶላ (የሽቦ ሳጥን) ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ በናስትሮ (በማጣበቂያ ቴፕ) ብቻ ጠቅልሎ መተው፣ ሥራው ሲያልቅ ሳይለኩ «ጨርሻለሁ» ማለት፣ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ጥሎ መሄድ። ሰዓት ይዘው ከልጆችዎ አንዱ እያየ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉውን ይሥሩት።

ከማመልከቻው ጋር የሚሆን ማስረጃም ይሰብስቡ። አብረዋቸው የሠሩ ተቋራጮች ወይም የቤት ባለቤቶች ከዚህ እስከዚህ ቀን ይህን ሠርቷል ብለው የጻፉት ደብዳቤ፣ የሥራ ውል፣ ደረሰኝ፣ የሳጥኑ ውስጥ በሚታይበት ሁኔታ የተነሣ ፎቶ። ግድግዳው ተለስኖ ካለቀ በኋላ የተነሣ ፎቶ ምንም አያሳይም።

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ከመስከረም 2012 እስከ መጋቢት 2015 በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቼ ለቅቄያለሁ። የሰጡኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ «በድርጅታችን ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ከማለት ያለፈ የለውም። ሦስት ቦታ አመልክቼ በዚሁ ተመለሰብኝ። እንደገና ብጠይቅ ይሰጡኛል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። የእርስዎ ደብዳቤ ከሦስቱ አንዱንም በቅጡ አልያዘም።

በቃል አይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ይስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ ያስቀምጡ። በማመልከቻው ውስጥ የሚፈልጉትን ዘርዝሩት፣ ምክንያቱም የሰው ኃይል ክፍሉ ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድሮ ቅጽ ስም ቀይሮ ነው የሚያትመው። የሚያስፈልግዎ ይህ ነው፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን ወርና ዓመት፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ (ዕድገት አግኝተው ከሆነ እያንዳንዱ መደብ ከነቀኑ)፣ የመጨረሻ ወር ደመወዝ፣ እና የሥራ ግብር መከፈሉ። ይህ የመጨረሻው በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ያለ ባይሆንም ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት በሚመጣ ልምድ ላይ አጥብቀው የሚጠይቁት እሱን ነው። «ግብር የተከፈለበት» የምትል አንዲት ሐረግ ስለሌለች ብቻ ከማጣሪያ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ማኅተም፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት እንዲኖረው ያረጋግጡ።

ድርጅቱ ግብሩን አልከፈለልዎ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለማረጋገጥ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የተመዘገበውን መጠየቅ፣ የጡረታ መዋጮዎ መግባት አለመግባቱን ማየትና ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ ማውጣት ይችላሉ። እነዚህ ደብዳቤውን አይተኩም፤ ያጠናክሩታል እንጂ። «አንድ ወዳጄ በድርጅቱ ስም ይጻፍልኝ» የሚለውን ግን አያስቡት፤ ቀጣሪ ስልክ ይደውላል።

አንድ ሌላ ነገር በጥያቄዎ ውስጥ አየን፣ ቀኖቹ። ሲቪዎን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሁለቱንም ዓመት ላይ 8 ደምረው ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ በራስዎ እጅ ቀንሰዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ይሆናል። መስከረም 2012 ሴፕቴምበር 2019 ነው፤ መጋቢት 2015 ደግሞ ማርች 2023። ደብዳቤው ሦስት ዓመት ተኩል፣ ሲቪው ሁለት ዓመት ተኩል ሲል የሚያነብ ሰው የሚጠረጥረው የሒሳብ ስሕተት አይደለም። ስምዎም በዲግሪው፣ በመታወቂያውና በደብዳቤው ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አብረው ይዩ።

ሲቪው ላይ ደግሞ «የሒሳብ ሥራ ሠርቻለሁ» አይበሉ። የስንት ባንክ ሒሳብ በየወሩ ያስታርቁ ነበር? የስንት ሠራተኛ ፔይሮል አዘጋጅተዋል? ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ራስዎ አስታውቀዋል ወይስ ሰነድ ብቻ አደራጅተዋል? ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ላይ መመዝገብ ብቻ ነው ወይስ የዓመት መዝጊያም ይሠራሉ? እነዚህን ከነቁጥራቸው በአራት መስመር ይጻፉ፤ የቃል ፈተናው ከዚያው ስለሚነሣ ያልሠሩትን አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት። አሥራ ሁለት ዓመት በጽሕፈት ሥራ አገልግያለሁ። መሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ክፍት ቦታ አለ፤ «ኤክሴል የምትችል» ይላል። መሠረታዊ ኮምፒውተር ሰርተፍኬት አለኝ፣ ኤክሴልን ግን ስነካው ያስፈራኛል። በዚህ ዕድሜ ይያዘኛል? ትልቁን ኮርስ ልመዝገብ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ ትልቁን ኮርስ ይተዉት። ንብረት ክፍል ከኤክሴል የሚፈልገው ከአሥር እጅ አንዱን ነው። አስቸጋሪው ፕሮግራሙ ሳይሆን የንብረት አመዘጋገቡ ነው፤ እሱን ደግሞ ከግማሽ በላይ ያውቁታል፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ሲተይቡ ኖረዋልና። ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ፣ ሞዴል 22 ዕቃ ሲወጣ ነው። ቢን ካርድ መጋዘን ውስጥ ዕቃው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ብዛትን ብቻ የሚይዝ ካርድ ነው። ስቶክ ካርድ ግን ሒሳብ ክፍል ሆኖ ብዛትንም ዋጋንም ይይዛል። በፈተና ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ልምምድዎ አንድ ሠንጠረዥ ይሁን። ስድስት ዓምድ፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ከማን ወይም ለማን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በመጀመሪያው ረድፍ ቀሪ 120 ደስጣ ወረቀት ያስገቡ። በሁለተኛው 80 ገቢ፣ በሦስተኛው 35 ወጪ። ቀሪውን በእጅ አይጻፉ፤ «ከላዩ ያለው ቀሪ ሲደመር ገቢ ሲቀነስ ወጪ» የሚለውን ቀመር አንድ ጊዜ ጽፈው በማዕዘኑ ይዘው ወደ ታች ይጎትቱት። 165 ካልመጣ ቀመሩ የተሳሳተ ረድፍ ይዟል። ይህ እጅዎ ላይ ሲገባ አርባ ረድፍ ይሙሉ፣ ከዚያ ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ ለአንድ ክፍል ብቻ የወጣውን የሚደምረውን ሰም ኢፍ ይጨምሩ። ቪ ሉክአፕ (ከሌላ ሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው ቀመር) ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 30/02/2016 ብለው ጥቅምት 30ን ቢጽፉ፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን ረስቶ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጳጉሜም እንዲሁ። በቀን ደርድር ሲሉት እነዚያ ረድፎች ተነጥለው ወደ መጨረሻ ይሄዳሉ፣ ዕቃ የጠፋ ይመስላል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ነው።

ቆጠራ ላይ ልዩነት ሲመጣም ከአናት አይጀምሩ። መዝገቡ 165፣ መደርደሪያው 162 ካለ መጀመሪያ ያልተመዘገበ ሞዴል 22 ይፈልጉ። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ አኃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 63 የነበረው 36 ሲጻፍ ልዩነቱ 27 ነው። ልዩነቱ ለ2 የሚካፈል ከሆነ ግማሹን ይፈልጉ፤ ወጪ መሆን የነበረበት 12 ገቢ ላይ ቢመዘገብ ልዩነቱ 24 ይሆናል። ይህን በቃል ፈተና መናገር የቻለ ሰው ሰርተፍኬቱን ማንም አይጠይቀውም።

ስለ ዕድሜዎ፦ አይከለክልዎትም፣ ድካሙ ግን እውነት ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይሻላል፣ ቢቻል ከሥራ መውጫ በፊት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ያለው ሰዓት የልጆቹ ነው። በየዕለቱ ሲጀምሩ የትናንቱን ሠንጠረዥ ሳያዩ ከባዶ ይሥሩት። እያዩ መሥራት የቻሉ ያስመስላል። ስድስት ሳምንት ለዚህ በቂ ነው ብለን እንገምታለን።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አገኘሁ። አንዱ 14,000 ብር ያልተጣራ ይላል፣ ሌላው 10,500 የተጣራ። የቱ ይበልጣል?
ከአዳማ

መልስ፦ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ግብር የለውም፤ ከ10,001 እስከ 14,000 ያለ ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ይቀነስለታል፤ ከ14,000 በላይ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነስለታል። ስለዚህ የ14,000 ግብር 2,850 ነው። የጡረታ 7 በመቶ 980። እጅዎ የሚገባው 10,170 ብር ይሆናል፤ ሁለተኛው በ330 ብር ይበልጣል።

ይበልጣል የምንለው ግን ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ከሆነ ነው። 10,500 እንዲጣራ ያልተጣራው 14,569 ብር አካባቢ መሆን አለበት። ውሉ ላይ «ደመወዝ 10,500» ብቻ ተጽፎ ካገኙት፣ ግብር 1,800 እና ጡረታ 735 ሲነሣ እጅዎ የሚገባው 7,965 ነው። በቃል «የተጣራ» ተብሎ በወረቀት ቃሏ የምትጠፋበት ጊዜ ስላለ ከመፈረምዎ በፊት ያልተጣራውን ቁጥር ያስጽፉ። አሠሪው በበኩሉ የሚያዋጣልዎ 11 በመቶ ጡረታም የሚሰላው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ተቀጥራ «ጋሼ፣ ዋስ ሁነኝ» አለችኝ። ቅጹ ላይ የገንዘቡ መጠን ባዶ ነው፤ «በኋላ ይሞላል» ብለዋታል። ልጅቷን አምናታለሁ፣ ወረቀቱን ግን ፈራሁት። ደግሞም የሙከራ ጊዜዋ ሁለት ወር ነው አሏት፤ በመሐል ካሰናበቷት ዋስትናው ይቀራል?
ከደሴ

መልስ፦ ባዶውን አይፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ በግምት የሚወሰድ አለመሆኑን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ እንደማይጸና ይደነግጋል። ታዲያ «ሳይጸና ይቅር፣ ለእኔ ምን ጎደለብኝ» ብለው አይዘናጉ፤ ከፈረሙ በኋላ ቦታውን ሌላ ሰው ይሞላዋል፣ ክርክሩም የእርስዎ ይሆናል። መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፣ ከጎኑ ይፈርሙ፣ ቅጂ ይያዙ።

«በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለበት ቀስ ብለው ያንብቡት። ይህ ማለት አሠሪው መጀመሪያ ልጅቷን ሳይጠይቅ በቀጥታ እርስዎን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ሐረጓ እንድትወጣ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ላይቀበሉ ይችላሉ። አንዳንድ ቀጣሪዎች በሰው ዋስ ፋንታ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚገዛ የታማኝነት ዋስትና ስለሚቀበሉ ልጅቷ ትጠይቅ። ዋስትናው የትኛውን የሥራ መደብ እንደሚመለከትም ይጻፍ፣ ነገ ወደ ሌላ መደብ ብትዛወር ሳያውቁ እንዳይከተልዎ።

የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። የሥራ ቀን ነው እንጂ የቀን መቁጠሪያ ቀን አይደለም፤ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ከሆነ አሥር ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለሥራው አልተስማማችም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ፣ እሷም እንዲሁ መልቀቅ ትችላለች። ዋስትናው ግን ስለወጣች ብቻ በሠራችባቸው ቀናት ከጎደለ ገንዘብ ነጻ አያወጣዎትም። ስትለቅ የገንዘብ ርክክብ ተደርጎ፣ ጉድለት እንደሌለባት የሚገልጽ ክሊራንስ ትውሰድ፤ እርስዎም በዚያ መነሻ ከዋስትናው መነሣትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ በስምዎ ያስጽፉ።